ያልበረረ ሰው ስም

«ወንድሜን! ወንድሜን! ወንድሜን!»

የጎሬው ሰው ሦስቱንም ዳሱ ውስጥ ሳይገባ፣ ገና ከአጥሩ በር ላይ ጨረሳቸው። በዳሳ ከተቀመጠበት አልተነሣም። የጎንፋ ቀብር ትናንት ነበር፤ እሱም ከትናንት ጀምሮ የሥጋ ዘመድ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ፣ ከሟቹ ሚስት ከተጂቱ ወንድም ቀጥሎ ተቀምጧል። ማንም ተነሣ አላለውም።

«እኔ እንኳ ወንድሜን ያልኩት ሁለት ጊዜ ነው» አለ በልቡ።

ሰውዬው ክራባት አስሯል። የተጂቱ እግር ሥር ወድቆ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ፤ ሰዎች «ይበቃል፣ ተው» ብለው ሲያነሡት በብብቱ የያዘውን የጫማ ካርቶን ከፈተ። ከውስጡ የክንድ ግማሽ የምታህል ግራጫ ጄት አወጣና ከጎንፋ ፎቶግራፍ ሥር አስቀመጣት። ክንፎቿ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ክብ፤ ጭራዋ ላይ ቁጥር። የማን እጅ እንደሆነ በዳሳ ከተቀመጠበት ለየ። ያን ሰባት ቁጥር አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚጽፍ፣ በመላው ኢሉባቦር አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ማነው ሰውዬው?» አለ ወደ ጎንፋ አክስት ወደ አዴ ዲሪቤ ጠጋ ብሎ።

«ኩምሳ ነዋ! የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ። ጎንፋ በየወሩ ጎሬ ሲሄድ እሱ ቤት ነበር የሚያርፈው።»

«ጎሬ የሚሄደው ለሕክምና አልነበረም እንዴ?»

«ለሕክምናም ይሄዳል» አሉ አዴ ዲሪቤ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ።

በዳሳ የመቱ ክሊኒክ ድሬሰር ነው። ጎንፋ ለደረቱ ወደ ጎሬ እንዲሄድ ደብዳቤ የጻፈለት ራሱ ነበር። በየወሩ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጥቶታል።

ከቡሬ የመጡት ኦቦ ቀጀላ ጄቷን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ። «ልጄ፣ ጎንፋ ይችን ነበር የሚያበረው?»

«አላበረረም ኦቦ ቀጀላ» አለ በዳሳ። «አየር ኃይል ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበር።»

«የሚቀቡት አየር ላይ ነው?»

«መሬት ላይ።»

ሽማግሌው በጣም አዘኑ። ትንሽ ቆይተው ግን አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ሟቹ አብራሪ እንደነበር ሲነግሩት ተሰማ።

ጎንፋ ደብረ ዘይት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ዓርማውን፣ የጭራውን ቁጥር፣ ከአብራሪው መስኮት ሥር የምትጻፈውን ስም የሚጽፈው እሱ ነበር። ደረቱ እምቢ ሲለው ወደ አገሩ ተመልሶ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፍ ጀመር። በዳሳ ለኮርስ አዲስ አበባ ሄዶ በፓኬት ያለ የፕላስቲክ ጄት ገዝቶ የመጣው በዚያ ሰሞን ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ በመርፌ መቆንጠጫ ሲያጣብቅ ከርሞ ለጎንፋ ወስዶ አሳየው።

«ጄቱ የማን ነው?» አለው ጎንፋ።

«የእኔ ነዋ!»

«ኮከቡስ?»

ፓኬቱ ይዞ የመጣው የአሜሪካን ኮከብ ነበር።

«ይቺን ላጥልኝና ሦስት ቀን ስጠኝ» አለ ጎንፋ።

ሦስት ቀን ያለው ሦስት ሳምንት ሆነ። ወረቀት ላይ ሙጫ ይቀባል፤ ሙጫው ሲደርቅ ስስ ቫርኒሽ ያለብሰዋል፤ ቫርኒሹ ላይ ሦስት ፀጉር በቀራት ብሩሽ ዓርማውን ይሥላል። ወረቀቱ ውሃ ሲነካው ሙጫው ይሟሟና ሥዕሉ እንደ ወተት ስልባቦት ተንሸራቶ ይወጣል። ጎንፋ «ልጣፍ» ይለው ነበር። የመጀመሪያው ክብ ክንፉ ላይ ባረፈ ጊዜ ሁለቱም ክንፉን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ በኋላ በአራት ዓመት ሦስት ጄት ሠሩ። በዳሳም ጎንፋ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ የሚሠራው ለእሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጎንፋ ከልክሎታል። «ከመስኮቱ ሥር ስሜን ጻፍልኝ» ብሎ ለምኖት ነበር።

«በርረሃል?»

«የት በርሬ!»

«እንግዲያው ተወው።»

«መጫወቻ እኮ ነው ጎንፋ!»

«ጄቱ መጫወቻ ነው። ስሙ ግን አይደለም።»

በዳሳ አንድ ወር አኩርፎ ነበር። አሁን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የጎሬዋን ጄት ከሩቅ ሲያጠና፣ ከመስኮቷ ሥር የተጻፈ ነገር እንዳለ ለማየት አንገቱን አሥር ጊዜ አሰገገ። ተነሥቶ ሄዶ እንዳያይ ኩራቱ ያዘው። ማታ ላይ ግን ተጂቱ ለኩምሳ ስትነግረው ሰማ፤ «ጎንፋ ታሞ ከመተኛቱ በፊት የሠራው አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ። ስትመለስ ይዘኸው ሂድ። ከሩቅ ነው የመጣኸው።»

ከጎሬ መቱ እንኳን መኪና፣ በቅሎም ሳይደክማት የምትደርስበት መንገድ ነው።

በሳልስቱ ጠዋት በዳሳ እንጨት ሊያመጣ መስሎ ወደ ጎንፋ የሥራ ክፍል ገባ። ወረቀቱ መስተዋት ሥር ነበር። ክቡንና ቁጥሩን ብቻ እንዳየ የሰው ኮቴ ሰማ፤ ሳያስበው መንጭቆ በሸሚዙ ውስጥ፣ ከገላው ጋር አጣብቆ ሸጎጠው። በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሰርቆ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰረቀው ከለቅሶ ቤት ሆነ።

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ የዳሱን ሸራ እንደ እርጉዝ ሆድ ቆዝሮታል። «አንድ ሰው ይግፋው እንጂ!» ተባለ። ኩምሳ ብድግ ሲል በዳሳ ቀደመው። የዚህን ቤት ሸራ የጎሬ ሰው አይገፋውም። እንጨቱን አንሥቶ ከሥሩ ወደ ላይ ሲያነሣው ውሃው በጠርዙ በኩል መውረዱን ትቶ በስፌቱ በኩል ቀጥ ብሎ አናቱ ላይ ወረደ።

«ያ ዋቃ! ይሄ ልጅ ሊሞትብን ነው!» አዴ ዲሪቤ የጎንፋን ሸሚዝ ይዘው ሮጡ። «አውልቅ!»

«ግድ የለም አዴ፣ ይደርቃል።»

«ጎንፋም ግድ የለም እያለ ነው የሄደው! አውልቅ አልኩህ!»

በዳሳ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ወደ ኋላ ሸሸ። አሮጊቷ እጁን በጥፊ መትተው ቁልፎቹን በተርታ ፈቱ። ባዶ ወረቀት እግሩ ሥር ጠብ አለ።

በበዳሳ ደረት ላይ፣ በግራ በኩል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ክብ አርፏል። ከክቡ ዝቅ ብሎ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ዝቅ ብሎ ጉንዳን የምታህል ጽሑፍ።

«እሱም አብራሪ ነው?» አሉ ኦቦ ቀጀላ።

ተጂቱ መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥላ የበዳሳን ፊት አየች። በዳሳ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ። ኩምሳ ግን ቀርቦ ጎንበስ አለና ጽሑፏን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«የመቶ አለቃ... ጎንፋ ጅራታ።»

ማዕረጉን ከራሱ በቀር የሰጠው ማንም አልነበረም።

ተጂቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ኩምሳ እንደጎነበሰ ቀረ። «እኔን አልበረርክም ብሎ ከልክሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ስድስት ወር ለምኜዋለሁ።»

«አንተንም?» አለ በዳሳ።

«የጻፈልህ መስሎኝ ነበር። ጎሬ በመጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ በዳሳ እንዲህ አለ፣ በዳሳ እንዲህ አጣበቀ ነው። አንዳንዴ በቅናት ምሳዬ አልበላ ይለኛል።»

በዳሳ ከትናንት ጀምሮ ያጠናው የኩምሳ ክራባት አሁን ሲያየው ጫፉ ተተልትሏል።

«ልጣፉ ደርቆ ሳይሰነጠቅ ይነሣል» አለ ኩምሳ። «አሁኑኑ ከሆነ። ግን የማን ጄት ላይ?»

ተጂቱ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ደረቱ የበዳሳ ነው፤ ሌባውም እሱ ነው። ሦስቱ ጄቶቹ እቤቱ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከመስኮታቸው ሥር ባዶ ሆነው ተደርድረዋል።

«ያንተ ላይ» አለ በዳሳ። «የእኔ ሩቅ ነው፤ እስኪመጣ ይደርቃል።»

ጄቷን ከፎቶግራፉ ሥር አምጥተው ደረቱ አጠገብ ያዙለት፤ እሱም ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተጋደመ። ኩምሳ ጣቱን በምራቁ አርሶ ስሙን ከጫፉ መግፋት ጀመረ። ልጣፏ ከመስሳቷ የተነሣ በዳሳ በተነፈሰ ቁጥር ፊደሎቹ ይሸበሸባሉ።

«ትንፋሽህን ያዝ» አለው ኩምሳ።

ያዘ። እንባው በሁለቱም ጆሮዎቹ በኩል እየወረደ፣ «ጅራታ» የምትለው እስክትሻገር ድረስ ደረቱን አላንቀሳቀሰም።