ለስቴኪኒ ቢላዋ የተያዘ ወረፋ

ወርቅአየሁ እንጅባራ ላይ ከቀርከሃ ስቴኪኒ ታመርት ነበር። ማሽኑን ከአንድ የከሰረ ድርጅት አሮጌ ገዝታ፣ አምስት ሴቶች ቀጥራ፣ ስቴኪኒውን እስከ ባሕር ዳር ድረስ ትልክ ነበር። በመጋቢት 2014 ቀርከሃውን የሚሰነጥቀው ባለ ብዙ ስለት ቢላዋ ተሰበረ። ቻይና ያለው አምራች ፕሮፎርማ ላከላት፤ ዋጋው አራት ሺህ ዶላር ነበር። ያን ጊዜ ዶላር በባንክ ሃምሳ አንድ ብር ገደማ ስለነበር ገንዘቡ እጇ ላይ ነበር። ሁለት መቶ ሺህ ብሯን ሒሳቧ ውስጥ አስገብታ ፕሮፎርማውን ይዛ ባንክ ሄደች።

የውጭ ምንዛሬ ክፍል የሚሠራው ምስጋናው የሚባል ወጣት ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተም አደረገበት።

«ወረፋ ተይዞልዎታል እትዬ። ዶላር ሲመጣ እንደውላለን።»

«መቼ ይመጣል?»

«አሁን የአገሪቱ ክምችት ዝቅ ብሏል። ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒት ቅድሚያ ይሰጣል። ቀጣዩን ወር እንይ።»

ወርቅአየሁ ክምችት ሲባል የእህል ጎተራ ነበር የሚታያት። ማዳበሪያና መድኃኒት መቅደማቸውን ግን አልተቃወመችም። ሠራተኞቿን ሰብስባ «አንድ ወር ነው፤ ታገሡ» አለቻቸው።

ቀጣዩ ወር መጣ፤ «ቀጣዩን ወር» ተባለች። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ከአምስቱ ሴቶች አራቱ ሌላ ሥራ ፈልገው ሄዱ። እመቤት ብቻ ቀረች። እሷ ከአዘና በኩል የመጣች የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ማሽኑ እንዳይዝግ በየሳምንቱ ዘይት ትቀባለች። ለዚህች ሥራ የሚከፈላት የቤት ኪራይ እንኳ አይሞላም።

ወርቅአየሁም ዜና መከታተል ያዘች። በፊት የአየር ሁኔታውን ብቻ ሰምታ የምትዘጋው ሬዲዮ ስለ ክምችት ሲያወራ «ዝም በሉ!» ብላ ቤተሰቡን ታስቆማለች። ክምችቱ የስንት ሳምንት ዕቃ ማስገቢያ ብቻ እንደሆነ፣ ካለፈው ዓመት በስንት እንደወረደ፣ ምን ቢሆን እንደሚያንሰራራ ታውቃለች። ባሏ ኪዳኑ «ከባንኩ ሰዎች አንቺ ትበልጫለሽ» ይላታል። እንዲህ ሲላት ይብስ ትናደዳለች።

አንድ ቀን ለእንግዳ ስቴኪኒ ጎድሎባት ከሱቅ አንድ እሽግ ገዛች። ማሸጊያው ላይ ከታች በትንሹ የተጻፈውን አየችው፤ ከውጭ የመጣ ነው። ማሸጊያውን ይዛ በባጃጅ በቀጥታ ባንክ ሄደችና የምስጋናው ጠረጴዛ ላይ ጣለችው።

«ይኼ በምን ዶላር ገባ?»

«እትዬ፣ እኔ እንዴት አውቃለሁ?»

«ስቴኪኒ ከውጭ ለማስመጣት ዶላር አለ። እዚሁ እንጅባራ፣ ቀርከሃው ደጃችን በቅሎ፣ ስቴኪኒ ለመሥራት ግን የለም። ይኼን እንዴት ለሰው ላስረዳ?»

ምስጋናው ማሸጊያውን አገላበጠው። ልጁ ክፉ አይደለም። «ማመልከቻዎን ለዋናው መሥሪያ ቤት እንደገና እልከዋለሁ» አለ። ላከውም። መልሱ «በወረፋ ላይ» የሚል ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ሥርዓት ተለወጠ፤ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። ብሩ በየሳምንቱ ሲወርድ ወርቅአየሁ ሬዲዮውን ዘግታ እንባ እንባ ይላት ጀመር። በመንገድ መዘጋትና በኔትወርክ መጥፋት ብዙ ወራት አለፉ። በጥር 2017 ስልኳ ጮኸ። ምስጋናው ነው፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ይሰማል።

«እትዬ ወርቅአየሁ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ዶላሩ ተፈቅዷል!»

«ስንት ብር አስገባ ትለኛለህ?»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ «በዛሬው ምንዛሬ ከአምስት መቶ ሺህ ብር በላይ ይሆናል» አላት።

እሷ ያላት ያው ሁለት መቶ ሺህ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ተራዋ ደረሰ፤ ተራዋ ሲደርስ ገንዘቧ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ስልኩን ሳትሰናበተው ዘጋችው።

በዚያው ሰሞን ዳንግላ ላይ ለነጋዴዎችና ለአምራቾች ስብሰባ ተጠራ። ኪዳኑ «ምን ይሠራልሻል?» ቢላትም በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። ከአዲስ አበባ የመጣች ናርዶስ የምትባል ወጣት የኢኮኖሚ ባለሙያ ግድግዳው ላይ አንድ መስመር አሳየቻቸው። መስመሩ ለብዙ ዓመት እየወረደ መጥቶ መሬት ሊነካ ሲል፣ መጨረሻው ላይ ቀና ይላል።

«ይኼ የውጭ ምንዛሬ ክምችታችን ነው» አለች ናርዶስ። «እንደምታዩት እያገገመ ነው።»

ወርቅአየሁ እጇን ሳታወጣ ተነሳች።

«ልጄ፣ መስመሩ እታች ሳለ አራት ሺህ ዶላር ጠየቅሁ፤ ጠብቂ ተባልኩ። አሁን እላይ ወጣ፤ አለ ተባልኩ፤ ግን መግዛት አልቻልኩም። ሲወርድም አልደረሰኝ፣ ሲወጣም አልደረሰኝ። ለእኔ የሚሆነው የት ጋ ሲቆም ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ናርዶስ ግን አልሳቀችም። መስመሩን መለስ ብላ አየችው።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለች። «ለማገገሙ ምክንያቱ ብዙ ነው። ወርቅና ቡና የተሻለ ዋጋ አውጥተዋል፤ ብድርም ገብቷል። ሌላው ግን እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች መግዛት ስላልቻሉ ነው። ያልተገዛ ዶላር ይጠራቀማል።»

«እንዲያ ከሆነ እዚህ መስመር ውስጥ እኔም አለሁበት?»

«በአንድ በኩል፣ አዎ።»

«እንግዲያው ድርሻዬን አውጡልኝና ልሂድ!»

አሁን ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። ወርቅአየሁ አብራ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ደረሱባት። ምህረቴ ይባላሉ፤ ዳንግላ ላይ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት አላቸው።

«ዶላሩን የፈለግሽው ለምን ነበር?» አሏት።

ነገረቻቸው።

«ለምን እስከ ዛሬ ሳታሳይኝ ቀረሽ?»

እውነት ለምን? አምራቹ በእጅ የተሠራ ቢላዋ እንዳትጠቀሚ ብሎ ጽፎላታል። ዋናው ግን እሱ አልነበረም።

«በየወሩ ቀጣዩ ወር ሲሉኝ ነዋ!» አለች። «የለም ቢሉኝ እኮ በማግሥቱ እመጣ ነበር። ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ፣ ጋሽ ምህረቴ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዶላር ሊመጣ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በይ አምጪው። የቻይናውን ያህል ይሆናል ብዬ ግን አልምልልሽም።»

በሦስተኛው ቀን ቢላዋውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ወሰደችላቸው። ከአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ ብረት ቆርጠው፣ ሞርደው፣ ሁለት ጊዜ አበላሽተው፣ በሦስተኛው ሠሩት። ያስከፈሏት አርባ ሺህ ብር ነው። ሲገጠም ማሽኑ ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀርከሃውን ሰነጠቀው። ከሦስት አንዱ እንጨት ጠማማ ሆኖ ይወጣል፤ በየሁለት ሰዓቱም ቆሞ መሳል አለበት። እመቤት የመጀመሪያዎቹን እንጨቶች በመዳፏ ይዛ በአዊኛ አንድ ነገር ለራሷ ተናገረችና ፊቷን አዞረች። ከሄዱት ሴቶች ሁለቱ ተመለሱ። ሌሎቹ ሁለቱ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ አይመለሱም።

ወርቅአየሁ ወረፋዋን ልትሰርዝ ባንክ ሄደች። ምስጋናው ቅጽ ሰጣት። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ አስቀድሞ «በደንበኛው ፍላጎት» ተብሎ ታትሟል።

«ይኼን አልፈርምም» አለች።

«እትዬ፣ ሌላ ቅጽ የለንም። ፎርማሊቲ ነው እኮ።»

«ፍላጎቴ አልነበረም። ፍላጎቴ ቢሆን ሦስት ዓመት እዚህ በር ላይ ምን እሠራ ነበር?»

ከኋላዋ የቆመው ሰው ተቁነጠነጠ። ምስጋናው ወደ ማናጀሩ ክፍል አየት አደረገ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ የታተመውን ሰረዘውና ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው።

«እርስዎ ይጻፉት» አላት።

ወርቅአየሁ ጎንበስ ብላ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ዘግይቶ ስለደረሰ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም። ከዚያ የቀርከሃ ጭነት የያዘው ጋሪ ስለሚጠብቃት እየተጣደፈች ወጣች።