የማሎይ ሩዝና ኦፒየም

መቅደላዊት አሜሪካ፣ መሀል ዴንቨር ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም አስጎብኚ ናት። ስትናገር አትቸኩልም፤ ሰውም ጆሮውን ይሰጣታል። በዚያ ሰሞን የተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ፊንታን ማሎይ ስለሚባል አንድ የድሮ አይሪሽ ነጋዴ ነበር። ሥዕሉንና ዕቃዎቹን ያዋሱት ከዘሩ የሆኑ፣ ኖራ የሚባሉ አሮጊት ናቸው።

የመክፈቻው ዕለት ኖራ ወደ ጎን ጠሯት።

«ማሎይ ኦፒየም የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ መነገዱን ባታነሺ ደስ ይለኛል። ዛሬ ቤተሰቤ በሙሉ እዚህ ነው።»

«ለተራቡት የተላከውን ሩዝስ ላንሳ?»

«እሱማ ኩራታችን ነው!»

«ሩዙ የተገዛው በኦፒየሙ ትርፍ ነው፣ ወይዘሮ ኖራ። ቅድመ አያትዎን አላዋርድም፤ ታሪካቸውን ግን አልቆርጥም።»

ኖራ ፊታቸውን አጥቁረው ሄዱ።

መቅደላዊት እንግዶቹን ሰብስባ ጀመረች። ማሎይ የተወለደው እንግሊዞች በሚገዟት አየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ፣ ከአንድ ድሃ በርሜል ሠሪ ነው። በወጣትነቱ፣ እንደ አገሩ እንግሊዞች በሚገዟት ሕንድ፣ ካልካታ ከተማ በመርከብ ገባ። እዚያ ለሌላ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ ሥራውን ተማረ፤ ቆይቶም ኦፒየም በጨረታ እየገዛ ወደ ቻይና ይልክ ጀመር። በትርፉ ባንክ ከፈተ። አገሩን ረሃብ ሲፈጃት መርከብ ሙሉ ሩዝ ላከላት፤ ብዙ ነፍስ አተረፈ። ኦፒየም የጫኑት መርከቦቹ ግን ያን ጊዜም ጉዟቸውን አላቋረጡም።

«በባዕድ ተገዝቶ ያደገ ሰው፣ ባዕድ በሚገዛው አገር ከበረ» አለች። «ሩዙን የላከውም፣ ኦፒየሙን የሸጠውም እሱ ነው።»

ኖራ ሳይሰናበቷት ወጡ።

«ሥዕሉን ሊወስዱብን ነው» አለ አለቃዋ ተጨንቆ።

«ቢወስዱትም የተናገርኩት እውነት ነው» አለችና ወደ ቀጣዮቹ ጎብኚዎች አለፈች።

ከሳምንታት በኋላ ኖራ ደወሉላት።

«ቅዳሜ ቤተሰቡ እዚህ ጎረቤት ከተማ፣ አውሮራ፣ እኔ ቤት ይሰበሰባል። መጥተሽ ታሪኩን ሳትቆርጪ ብትነግሪያቸው? አንዳንዶቹ ያን ቀን ተቆጥተው አልሰሙሽም። እኔ ደግሞ ስናገረው ሳላውቀው ደህና ደህናውን እመርጣለሁ።»

«እመጣለሁ» አለች መቅደላዊት።

ቅዳሜ ሳሎኑ ሞልቶ ጠበቃት። ታሪኩን ከኮርክ ጀምራ ካልካታ ደረሰች፤ ከካልካታ ቻይና። ሩዙ ጋ ስትደርስ የኖራ ትልቁ ልጅ ብድግ ብሎ ብርጭቆውን አነሳ።

«ለጀግናው አያታችን!»

ኖራ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

«ቁጭ በል፤ ገና አልጨረሰችም።»