ዘጠኝ ነጥብ ለክፉ ቀን

…ቀይ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፣ የሰባተኛ ክፍል ደብተር እያረምኩ ነው፣ ስልኩ ይጠራል፣ ቁጥሩ የባለቤቴ ነው፣ ድምፁ ግን የእሱ አይደለም፣ አብሮት ሊፍት የሚጠግነው ሰውዬ ነው፣ እትዬ ተቀምጠዋል ወይ ይለኛል፣ ምን ልሁን ብዬ ነው የምቀመጠው፣ ልቡ ነው ይለኛል፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን እንደያዘ፣ ደረጃው ላይ። ሊፍት ጠጋኝ ደረጃ ሲወጣ ሞተ። ራሱ ቢሰማው በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ሁለት ወር ሞላው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የእሱ ወንበር ላይ ነኝ፣ የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ያጓራል፣ ወንበሩ አሁንም ወደ ግራ ያዘመመ ነው፣ ስንቴ ነገርኩት፣ የሰው ሊፍት ሲጠግን የራሱን ወንበር አይነካም። የኮምፒውተር ጨዋታውን ልዘጋለት ነበር የከፈትኩት። ለካ እየጠበቁት ኖሯል። አሁን ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው፣ ውስጡ ሁለት ሰዎች አሉ፣ በአካል አይተውት የማያውቁ፣ ስድስት ዓመት አብረውት በየዋሻው አውሬ የገጠሙ። አንዱ ጋሻ ይዞ ፊት የሚቆመው፣ በኑሮው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሌላዋ ቀስተኛዋ፣ ነርስነት የምትማር። ባለቤቴን ሐኪሙ ይሉታል፣ ቁስላቸውን የሚያድነው እሱ ነበራ። መሞቱን ነገርኳቸው። አንድ የመጨረሻ ዋሻ ቀርቷቸዋል፣ ያለ ሐኪሙ አንገባም፣ እርስዎ ብቻ ይዘውት ይግቡ፣ ከኋላችን ይቁም ይሉኛል።

የሐኪሙ ሰሌዳ ላይ አራት መስመር። ጉልበት ሦስት። ፍጥነት አምስት። ማዳን ዘጠና አንድ። ሕይወት፣ አንድ።

አንድ! ሲፈጠር የተሰጠችው ያቺው አንድ። ከታች ያልተመደበ ዘጠኝ ነጥብ አለ፣ አንዴ ከተመደበ አይመለስም፣ መድባቸውና ተገላገል ስለው ለክፉ ቀን ናቸው ይለኝ ነበር፣ ሻይ ይዤለት ገብቼ፣ ይቺ ሚጢጢ ቁጥር ምንድን ናት ስለው፣ ሕይወቴ ናት፣ አንድ ብቻ፣ እኔን ማን ይመታኛል አንቺ፣ ከኋላ እኮ ነኝ። የልብ ምርመራ ማዘዣው ያኔም ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ነገ እሄዳለሁ ይላል፣ ዛሬ የዚያ ሕንፃ ሽማግሌዎች በደረጃ እየወጡ ነው፣ ነገ። እኔስ፣ እጁን ይዤ ብጎትተው ምን ነበረበት፣ ደብተር ሳርም።

እትዬ፣ ይላል ጋጋሪው፣ ዘጠኙንም ማዳን ላይ ያድርጓቸው፣ መቶ ይሞላል፣ እሱም ሕልሙ መቶ ነበር። ሕይወቱስ? እላለሁ። እሱን እኛ እንጠብቀዋለን። እኔም ጠብቄው ነበር። ጮክ ብዬ ነው ለካ ያልኩት። ከዚያ ቀስተኛዋ፣ እትዬ፣ ደስ ያለዎትን ያድርጉ፣ እኛ ብንወድቅ ከዋሻው በር እንደገና እንነሳለን። እሱስ፣ ልል ነበር።

ሕይወት ላይ እጫናለሁ። ሁለት። ሦስት። ሰባት። ስምንት። አሥር።

እንገባለን። ድንጋይ የመሰለ ትልቅ አውሬ፣ ጋጋሪው እየተሳደበ ይገጥመዋል፣ ና አንተ የተቃጠለ ዳቦ፣ ትንሽ ቆይቶ ይወድቃል፣ ቀስተኛዋም ትወድቃለች፣ የእኔ ጥፋት ነው፣ ቁልፎቹን መች አውቃቸዋለሁ። ሐኪሙ ብቻውን ቀረ። አውሬው መታው። ቆሟል። ደግሞ መታው። እትዬ! ይላል ጋጋሪው በማዳመጫው፣ አልወደቀም እኮ! ሰማያዊዋን ቁልፍ ይጫኑ፣ ራሱን የሚያድንባትን! የቷ ናት? ከዳር ያለችው፣ ስድስት ዓመት ነክቷት አያውቅም፣ ድሮ በአንድ ምት ነበር የሚሄደው!

እጫናለሁ። ብርሃን ይለብሳል። ይመታዋል፣ እጫናለሁ። ጋጋሪው ይስቃል፣ ሳቁ ግን እንባ አለበት፣ እትዬ አይበቃም፣ እንደማናሸንፍ እኮ ያውቃሉ፣ አውቃለሁ ልጄ፣ ይመታዋል፣ እጫናለሁ፣ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እጄን ከቁልፉ ማንሳት አልቻልኩምና እናንተ እጃችሁን ዘርጉለት፣ ለሁሉ ደርሶ ለራሱ ላልደረሰ ሰው ምሕረት ለምኑለት፣ ይመታዋል፣ እጫናለሁ፣ ቆሟል፣