በክር የተሰፋው ስፒከር

ሰፈሩ ሚሊሜትር ብሎ ይጠራታል። ልብስ ሰፊ ናት። ሱሪ ለማሳጠር የመጣን ሰው ሦስት ጊዜ ሳትለካ መቀስ አታነሳም፤ ደንበኛው «እትዬ፣ ቸኩያለሁ እኮ» ቢላት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሜትሯን ትዘረጋለች። በሃያ ዓመት ሥራዋ በልኬት ተሳስታ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን በልኬት ዋሸች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠርዝ የሚዘመዝም አዲስ ኦቨርሎክ ማሽን ገዛች፤ ማሽኑ ሊቆም የሚችልበት ጥግ ላይ ደግሞ ወገቧ ድረስ የሚደርስ የእንጨት ስፒከር ተገትሯል። አባቷ ነው ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ገዝቶ፣ በሁለት ሰው አሸክሞ ያመጣው። እሱም ልብስ ሰፊ ነበር፤ ይህችው ሱቅ የሱ ነበረች። ስፒከሩን ከቴፑ ጋር አገናኝቶ፣ ዘፈን ከፍቶ ሲሰፋ መንገዱ በሙሉ ይሰማው ነበር። አንድ ቀን ስፒከሩ ይንጣጣ ጀመር። አባት «አረጀ» አለና ጨርቅ ጣለበት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት የጨርቅ ጥቅል ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ። አባትም ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው።

«ማሽኑ ከስፒከሩ ጎን አይገባም» አለችው ለወንድሟ። «ለክቼዋለሁ። ሁለት ሴንቲሜትር ይጎድላል። ስፒከሩ መሸጥ አለበት።»

ገዢም አልጠፋም። ከመንገዱ ማዶ ምግብ ቤት ያለው ሰውዬ ሳጥኑን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ሆዱን ጎልጉዬ አወጣና የጠርሙስ መደርደሪያ አደርገዋለሁ» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ሊወስደው ተቀጣጠሩ።

ወንድምየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሆዱ ይጎለጎላል የሚለውን ሲሰማ እህቱን ወደ ጎን ሳባት።

«እታለም፣ እባክሽ መጀመሪያ ይታይ። ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ከፍተው ይዩት። የሚድን ከሆነ እኔ አሠራዋለሁ። የማይድን ከሆነ ሰውዬው ይውሰደው፣ አልናገርም።»

«ምን ያደርግልሃል? የሞተ ዕቃ!»

«እኔ አይደለሁ ያበላሸሁት? እኔው ላሠራው ነዋ።»

እሷ ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ያበላሸው እሱ አልነበረም፤ እሷ ናት።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እሱ ስድስት። አባት የልብስ ቁልፍ ሊገዛ ወጣ ብሏል። መለካት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው የተጠናወታት፤ የጠረጴዛውን ቁመት፣ የድመቷን ጅራት፣ የወንድሟን አፍንጫ ሳይቀር ለክታለች። የቀራት ድምፅ ነበር። ዘፋኟ የምትጮኸው ከምን ያህል ጥልቀት ነው? የስፒከሩን የፊት ጨርቅ ከጠርዙ ገለጥ አድርጋ፣ የአባቷን የብረት ማስመሪያ ወደ ውስጥ ሰደደች። በቀስታ ነበር የሰደደችው። ማስመሪያው ግን ከአንድ የማይታይ ነገር ጋር ተጋጨና ቀድዶት አለፈ። አወጣችው፣ ጨርቁን መለሰችው፣ ውጭ ወጥታም ገመድ መዝለል ጀመረች። እስከ መቶ ቆጠረች።

ከሰዓት ወንድሟ ቴፑን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ስፒከሩ ተንጣጣ። እናታቸው ከጓሮ ሮጣ መጥታ ጆሮውን ጠመዘዘችው። «አፈነዳኸው! ደስ አለህ?» ልጁ ጆሮውን ይዞ ተንሰቀሰቀ። አባት ሲመለስ ዕቃውን አየት አድርጎ «ልጁን ተዪው፣ አርጅቶ ነው» አለ፤ ልጁ ግን አባቴ አዝኖልኝ ነው ብሎ አላመነም። እህትየው ይሄ ሁሉ ሲሆን በር ላይ ቆማ ነበር። አንድ ቃል አልወጣትም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ዝም ብሎ አያውቅም። ወንድሟ ከዚያን ቀን ወዲህ የሬዲዮ ድምፅ ከግማሽ በላይ ከፍቶ አያውቅም። ተሳፋሪ «ሹፌር፣ ዜናውን ጨምርልን» ሲለው «ይፈነዳል» ይላል። አውቶቡሱን ሹክሹክታ ብለው ሰይመውለታል። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሷ ግን በዚያ አውቶቡስ የተሳፈረች ቀን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የምትሄደው። አሁን ደግሞ ስፒከሩ ተከፍቶ ቀዳዳው ሊታይ ነው። በሁለት ሴንቲሜትር የዋሸችው ለዚህ ነበር። እምቢ እንዳትል ደግሞ ምን ብላ?

ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮ ጠጋኙ የመሣሪያ ሳጥናቸውን በአንድ እጅ፣ ለስፒከር ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ በሌላው ይዘው መጡ። የመነጽራቸው አንዱ ክንድ በሽቦ የታሰረ ሽማግሌ ናቸው። ሰው የሚያጫውቱት ጥቂት ነው፤ ወሬያቸው ከዕቃው ጋር ነው።

«እስቲ የኔ አንበሳ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» እያሉ የኋላውን ሳንቃ ፈቱ። የመለኪያቸውን ሁለት ጫፍ አስነክተው መርፌው ሲዘል አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ። «ኮይሉ፣ የሽቦ ጥቅልሉ፣ ደህና ነው።»

«ደህና ነው?» አለ ወንድምየው። «እኔ እኮ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነው ያፈነዳሁት!»

«ድምፅ በዝቶበት የሚሞት ስፒከር ኮይሉ ነው የሚቃጠለው፣ ልጄ። ይሄ እንደ አዲስ ነው። ሲኒማ ቤት ሙሉ ሰው ያስለቀሰ ዕቃ እኮ ነው! በአንተ ቴፕ ነው የሚፈነዳው?»

ወንድምየው በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ወደ ፊት ዞረው የፊቱን ጨርቅ ከጠርዙ አላቀቁት። እሷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጀርባ ቆማ፣ ብረቱ ያልጋለ ካውያ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ታመላልሳለች።

ሽማግሌው ወደ ውስጥ አጎነበሱ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! አርባ ዓመት ስጠግን የተሰፋ ስፒከር ዛሬ ገና አየሁ!»

እውነትም ተሰፍቷል። ጥቁሩ ወረቀት፣ ያ ሲርገበገብ ድምፅ የሚያወጣው፣ መሐሉ ላይ ተቀድዶ በነጭ ክር ተሰፍቷል።

«ስፒከር የሚለጠፈው በሙጫና በስስ ወረቀት ነው» አሉ ሽማግሌው። «በክር ከሰፉት ክሩ ወረቀቱን እየፈተገ ይንጣጣል። በሽታው ቀዳዳው ብቻ አይደለም፣ ሕክምናውም ነው! ልብስ ሰፊ ካልሆነ በቀር ይህን የሚሠራ የለም። አባታችሁ መሆን አለበት።»

«መጀመሪያ የቀደደው ግን ምንድን ነው?» አለ ወንድምየው።

«ሹል ነገር ወግቶታል። ከሲኒማ ቤት ሲጓጓዝ ይሆናል።»

መውጫው በር እንዲህ ወለል ብሎ ተከፈተላት። ወንድሟም ከጥፋቱ ነጻ ወጣ፤ ሲጓጓዝ ነው ብላ ብታልፍ ማንም አይጎዳም፣ ማንም አይጠይቃትም። ልታልፍም ነበር። ግን ቀና ብላ ስታየው አርባ አንድ ዓመት የሞላው ሹፌር በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሳያውቀው፣ ግራ ጆሮውን ያሻሻል። እናታቸው የጠመዘዘችው ያንን ጆሮ ነበር። 

ከምስማሩ ላይ የብረት ማስመሪያውን አወረደች። ያው የአባቷ ማስመሪያ ነው፤ እስከ ዛሬ ትሠራበታለች። ጠርዙን ስፌቱ ላይ ብታሳርፈው ልክክ አለ።

«ሲጓጓዝ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠዋት በዚህ ወጋሁት። ከሰዓት አንተ ስትከፍተው የተንጣጣው ለዚያ ነው። እማዬ ጆሮህን ስትጠመዝዝ በር ላይ ቆሜ አይቼ ዝም አልኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ሽማግሌው ሳጥናቸው ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመሩ።

«ለምን ወጋሽው?» አለ ወንድምየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መቼም የሱ ድምፅ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው።

«የድምፁን ጥልቀት ልለካ ብዬ።»

«የምኑን?»

«የድምፁን ጥልቀት።»

ማስመሪያውን ከእጇ ተቀበለ።

«ስንት ሆነ?»

«አላነበብኩትም። ደንግጬ።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እየሳቀ ተቆጣ፣ እየተቆጣ ሳቀ። «እታለም! ሠላሳ አምስት ዓመት! ሹክሹክታ ይሉኛል እኮ! ልጆቼ ቴሌቪዥን ባስከፈቱኝ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል!» «አውቃለሁ» ትላለች እሷ። «ደግሞ ሳትለኪው!» ይላል። «ወግተሽ ወግተሽ ቁጥሩን ሳታነቢ!» ተነሥቶ ራሷን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሯን ሳማት። ደረቷ ላይ ተቀምጦ የኖረው ነገር እንዴት ብድግ ብሎ እንደ ሄደ አልታወቃትም። እፎይ አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል መባሉ ልክ ነው፣ ማደሩ በጣም በዛ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ነው ስፌቱን በደንብ ያየችው።

ጥቃቅን፣ ዘንበል ያለ፣ እኩል እኩል የተራመደ ስፌት ነው። መጀመሪያው ላይ ቋጠሮ አለ፤ መጨረሻው ግን አልተቋጠረም፣ ጫፉ ተመልሶ በሦስቱ የመጨረሻ ስፌቶች ሥር ተሸጉጧል። ይህን አጨራረስ ከሁለት ሰው እጅ በቀር የትም አይታ አታውቅም፤ ከአባቷና ከራሷ። የተማረችበትን ቀንም ታስታውሳለች። ስፒከሩ በተንጣጣ በማግስቱ አባቷ ብቻዋን ጠርቶ፣ የተቀደደ ኪስ እጇ ላይ አስቀምጦ፣ መርፌ ሰጣት። የመጀመሪያ ትምህርቷ ነበር። «የተቀደደ ነገር ይሰፋል» አላት። «ጫፉን ግን አትቋጥሪው። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፤ የሚሰፋ ሰው መፈታቱንም ማሰብ አለበት።» በዚያው በብረት ማስመሪያ እየለካ ነበር ያሰፋት። አንድም ጊዜ ዓይኗን አላያትም።

«ያውቅ ነበር» አለች። «አባዬ ያውቅ ነበር። የቀዳዳውን ስፋት አይቶ ማስመሪያው እንደሆነ አውቋል። ሊቆጣኝ ሲገባ ሙያ አስተማረኝ።»

እንባዋ መጣ። የሐዘን አልነበረም። ሽማግሌው መሐረባቸውን ሰጧት፤ የሽቦ ብየዳ ጭስ ይሸታል።

«በሉ» አሉ። «ወይ ይሸጥ ወይ ይዳን። ከዳነ ክሩ መውጣት አለበት። እኔ ከነካሁት ወረቀቱን እቀደዋለሁ። አንቺ ፍቺው።»

እንግዲህ የአባቷን ስፌት ልትፈታ ነው።  ግን መፈታቱን ራሱ አስቦበት የለ? ጫፉን በመርፌ ከሦስቱ ስፌቶች ሥር አወጣችው፣ ቋጠሮውን በመቀሷ አፍ ቆረጠችው፣ ከዚያም በዝግታ ሳበችው። ክሩ ሳይበጠስ፣ ወረቀቱን ሳይጎዳ፣ አንድ ሆኖ ወጣ። በጣቷ ጠቅልላ የቁልፍ ጣሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ሽማግሌው በፊትም በኋላም ስስ ወረቀት በሙጫ ለጠፉና «ሲደርቅ እንሰማዋለን፣ አትንኩት» አሉ።

ሙጫው እየደረቀ ሳለ ምግብ ቤት ያለው ሰውዬ ከነተሸካሚው ደረሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። «አይሸጥም።»

«እንዴ! ማሽን ማቆሚያ የለኝም ብለሽኝ?»

ወንድሟ ከጀርባዋ ሜትር አንሥቶ ከስፒከሩ ጎን የቀረውን ቦታ እየለካ ነበር። ለካ። ደግሞ ለካ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ለመግለጽ ያስቸግራል።

«አራት ሴንቲሜትር ይተርፋል!» አለ። «ሚሊሜትር በልኬት ተሳሳተች! ሰፈሩ ይስማ!»

«አልተሳሳትኩም» አለች ፊቷ እየቀላ። «ዋሽቼ ነው።»

ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ለጠርሙሶቹ ቁም ሣጥን ይግዛላቸው።

አመሻሹ ላይ ሙጫው ሲደርቅ፣ ሽማግሌው ሽቦውን ከማጉያቸው ጋር አገናኙና ወንድምየው ስልኩን ሰካ፤ አባታቸው የሚወደውን አንድ የድሮ ዘፈን ፈለገ። ዘፋኟ ስትጀምር ሦስቱም ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አሉ። መንጣጣት የለም። ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ወፍራም ሆኖ፣ ከእንጨቱ ሆድ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት የልብስ ቁልፎች ተንቀጠቀጡ።

ወንድምየው የማጉያውን መዘውር አዞረ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ እጁ እንደ ልማዱ ቆመ። ወደ እህቱ ዞረ።

«ጨምረው» አለችው።

ትንሽ ጨመረ።

«ጨምር እንጂ! አይፈነዳም!»

እስከ መጨረሻው አዞረው። የሱቁ መስታወት ተርገፈገፈ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ከላይ ፎቅ አንድ ሰው መስኮት ከፍቶ «ኧረ ቀንሱ!» አለ። ወንድሟ ሁለት ጆሮው ቀልቶ፣ እያለቀሰ ይስቃል። የፎቁን ሰው ጩኸት ሰምታዋለች፤ ግን መንገዱ በሙሉ ይስማው ብላ ሄዳ የሱቁን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።