ሚሪንዳ ከነቆርኪው

በ1978 ዓ.ም. መስከረም፣ የሞርሲቶው ገበሬ ማቴዎስ ሚስቱን እታለምን ለጎረቤት አደራ ብሎ በማለዳ ሆሳዕና ሄደ። ሦስት ሳምንት ያማቀቃት ወባ ለቋታል፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን አልተመለሰም። ትናንት ብቻ፣ "በሂሩት ሠርግ የጠጣኋት ያቺ ብርቱካን መሳይ ለስላሳ ብትገኝ" ብላ ነበር። ሂሩት ልጃቸው ናት፤ ካገባች ስድስት ዓመቷ።

ለአብዮት በዓል ተብሎ ለስላሳ ገብቷል ሲባል ስለሰማ በቀጥታ ወደ ጉራጌዋ ትርፊት ሱቅ አመራ። ትርፊት አንድ ሚሪንዳ መዝዛ መክፈቻውን ስታስጠጋ እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

"አትክፈቺው እኅቴ። ለእታለም ነው የምወስደው።"

"ባዶ ጠርሙስ ይዘዋል ጋሼ ማቴዎስ?"

"አልያዝኩም።"

"ያለሱ አይወጣም እኮ። ጠርሙስ ከጎደለብኝ ሳጥኑን አይቀይሩልኝም። በሌላ ዕቃ ልገልብጥልዎት?"

"ሞርሲቶ እስኪደርስማ የስኳር ውኃ ይሆናል።"

ትርፊት መክፈቻውን አስቀመጠች። "እንዴት ናት ለመሆኑ?"

"ተሽሏታል። ግን አትበላም።"

ጠርሙሱን እንደታሸገ ገፋ አደረገችለት። "ለገበያ ቀን ይመልሱልኛል። መክፈቻስ አለዎት?"

እሱን አላሰበውም ነበር። ትርፊት እንዲያይ ብላ ሌላ ደንበኛ ያዘዘውን ጠርሙስ አንስታ አንገቱን ጥብቅ አድርጋ ጨበጠች። የማንኪያ ጫፍ ከቆርኪው ሥር አስገብታ፣ ጠቋሚ ጣቷን ድጋፍ አድርጋ እጀታውን ወደ ታች ተጫነች። ቆርኪው ዘሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

"በጥርስ እንዳይሞክሩ" አለችው። "እንደደረሱም አይክፈቱት፤ መንገድ ያንገላታዋል፣ ይረፍ።"

ማቴዎስ ጠርሙሱን በእርጥብ ኮባ ጠቀለለው። በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ ጉድጓድ ባጋጠመ ቁጥር እንደ ሕፃን ከፍ አድርጎ እየያዘ ተጓዘ።

እታለም አልጋዋ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀችው። ኮባው ሲፈታ ዓይኗ በራ።

"ክፈታ።"

"ይረፍ ተብሏል።"

"እሱም እንደኔ?" አለችና ጠርሙሱን ተቀብላ ቅዝቃዜውን ጉንጯ ላይ አሳረፈችው።

አረፋው እስኪረጋ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በኋላ ማቴዎስ ማንኪያ ሲያነሳ "እኔ ልሞክር" አለችው። እነዚያ እጆች ሰሞኑን ኩባያ እንኳ በቅጡ አልያዙም። እምቢ ሊላት ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። እሱ የጠርሙሱን አንገት ጨብጦ ጣቱን ድጋፍ አደረገላት፣ እሷ እጀታውን ተጫነች። ማንኪያው ሁለቴ ተንሸራተተ፤ ጣቱን ቢልጠውም አልለቀቀም። በሦስተኛው ጠርሙሱ ተነፈሰ፤ አረፋው በሁለቱም እጅ ላይ ፈሰሰ።

እታለም ተጎነጨች። "አፍንጫዬን ነዘረኝ" ብላ ሳቀች። ግማሹን ስትጨርስ የቀረውን ሰጠችው።

"አንቺው ጨርሺው እንጂ።"

"ጠጣ። የሠርጉ ለት እንግዳ ስታስተናግድ ላንተ አልደረሰም ነበር።"

ማየቷን አያውቅም ነበር። የቀረውን ጠጣ።

ትንሽ ቆይታ "አጥሚት ቢኖር እቀምስ ነበር" አለች። ማቴዎስ አጥሚት ሠርቶ አያውቅም። እሳቱን አያይዞ ድስቱን ጣደ፤ ዱቄቱ መቼ እንደሚገባ እሷ ከአልጋዋ ሆና እየነገረችው፣ እሱ ያማስል ጀመር።