የታንጉት በሬ

አዎ፣ ሸጣዋለች፣ ከፋሲካ በኋላ በርበሬዋን ሁሉ ሸጣዋለች፣ ለማንም ሳትነግር፣ በተለይ ለታንጉት ሳትነግር፣ አሁን ደግሞ ታንጉት ያን ሁሉ ጭቃ ረግጣ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥታ፣ ምድጃው ዳር እግሯን እያሞቀች፣ አቻሜ፣ ያንቺስ በርበሬ እንዴት ሆነ፣ ትላታለች። ያንቺስ። አቻምየለሽ በርበሬው ለነበረበት ጓዳ በር ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፣ የቁልፉ ክር አንገቷን ይከረክራታል።

እንዳንቺው ነው፣ ምን ይሆናል፣ ትላለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው፣ የሚገርመው እሱ ነው፣ እንዴት አይንቀጠቀጥም።

ታንጉት ከመቀነቷ ጫፍ አንድ ዛላ ፈትታ ታወጣለች፣ ትሰብረዋለች፣ ውስጡ ነጭ ሻጋታ ነው፣ እይው እስቲ እቴ፣ ላዩ ቀይ፣ ሆዱ አመድ፣ ይኸም እንደ ሰው ሆዱ አይታይ። እንደ ሰው። ማንን ማለቷ ነው፣ አውቃብኝ ይሆን፣ አላወቀችም፣ ብታውቅ አተር ይዛ አትመጣም ነበር። አተሩ እዚያ መደቡ ላይ በእራፊ ጨርቅ ተቋጥሮ ተቀምጧል። አንቺ ከተሜ ነሽ፣ መሬት የለሽ፣ ያለሽን ሁሉ በርበሬ ላይ አድርገሽው ነበር፣ እኔስ ጥሬ አላጣም፣ ብላ ነው የሰጠቻት። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያምን ጽዋ አብራት የምትጠጣ ማኅበርተኛዋ፣ ባሏ የሞተባት፣ አጽናናች። እሷን።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ነው፣ የጀመረችውም አቻምየለሽ ራሷ ናት። በሬሽ በጋውን ሙሉ ቆሞ ጭድ ከሚበላ ሽጪው፣ በርበሬ በጥር ርካሽ ነው፣ ዝናብ ሲቃረብ ይወደዳል፣ ሦስት ዓመት ተከታትዬ አይቻለሁ፣ ግንቦት ላይ ትሸጪዋለሽ፣ በሬሽንም ትመልሻለሽ፣ ትርፉም ይተርፍሻል። እንዴት ያማረ ስሌት ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደብረ ማርቆስ አራተኛ ክፍል ድረስ የተማረች ሴት ስሌት። ታንጉት አፏን ከፍታ አዳመጠች፣ ታንጉት ያላት አንድ በሬ ነው፣ ጎረቤቷ ገብረሰንበትም ያለው አንድ በሬ ነው፣ ሁለቱን አቀናጅተው አንድ ቀን የሷን፣ አንድ ቀን የሱን ያርሳሉ፣ በሬው ከሌለ መቀናጆው የለም፣ መቀናጆው ከሌለ መሬቷን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጥታ ግማሽ እህሏን ማየት ነው። ይህን አቻምየለሽ ታውቅ ነበር፣ እንዴት አታውቅም፣ ግን ሦስት ዓመት ተወዶ ነበራ፣ ሦስት ዓመት የሆነ ነገር በአራተኛው ለምን አይሆንም፣ እንደሚወደድ ማን ፈርሟል፣ ማንም አልፈረመም። ታንጉትም በሬዋን ሸጣ በርበሬ ገዛች።

ከዚያ የቡሬው መጋዘን። የፋሲካ ሳምንት ነጋዴው ላቀው በሩን ገፋ ሲያደርገው በርበሬው እስከ ጣራው ተደርድሮ አየችው፣ የሷ ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ፣ ጉሮሮዋን ከረከራት፣ ያኔ ገባት፣ ሦስቱን ዓመት ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ፣ ሁሉም አይቷል፣ ሁሉም ገዝቶ አስቀምጧል፣ ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ደግሞ በምን ይወደዳል። እመቤቴ፣ ዛሬ ከሰጡኝ በዛሬ ዋጋ፣ ከሳምንት በኋላ ግን እኔንጃ፣ አለ ላቀው። ይዛ የወረደችውን ግማሹን ያን ጊዜ ሰጠችው።

ግማሹ ቀርቶ ነበር። የግማሹ ነገር ነው ሁሉም። በማርያም ዕለት ታንጉት ጠላውን እየቀዳች፣ አቻሜ፣ ልሽጠው ይሆን፣ አለቻት፣ ሽጪው ብላት ለማኅበርተኛው ሁሉ ትናገራለች፣ ሁሉም ጆንያውን ጭኖ ቡሬ ይወርዳል፣ የኔ ግማሽ ሳይሸጥ ዋጋው ይወድቃል፣ እና ትንሽ ቆዪ፣ አለች፣ ትንሽ ቆዪ፣ ሁለት ቃል፣ ጽዋው በእጇ እያለ። በሳምንቱ ቀሪዋን ሸጠች። ከዚያስ፣ ከዚያ ለምን አልነገረቻትም፣ ከዚያ ደግሞ ያለፈውን ማስረዳት ሊመጣ ነው፣ ምናልባትም ይወደዳል ብላ ራሷን አባበለች፣ ሳንቲም ሲወረወር ወይ ንጉሡ ወይ አንበሳው ነው፣ ግማሽ በግማሽ፣ የታንጉትም ዕድል ከዚያ አያንስም። ዋሾ። መጋዘኑን ያየ ሰው ግማሽ በግማሽ አይልም። ደግሞስ የተወረወረው የማን በሬ ነው።

ትሰሚያለሽ ወይ፣ ትላለች ታንጉት። ገብረሰንበት እስከ ማክሰኞ በሬ ካላመጣሽ ከጎረቤታችን ከንብረት ጋር እቀናጃለሁ አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ዝናቡ እኔን አይጠብቅ። እና ያሰብኩት፣ ያንቺንም የኔንም ዛሬ እንልቀመው፣ ደህናውን ለይተን ነገ በካሚዮን ቡሬ እናውርደው፣ ብዙ ሆኖ ሲያየው ላቀው እንደ ብቸኛ ሴት አያጣጥለንም። በይ ጓዳውን ክፈቺው።

ቁልፉ ጠፋ ልበላት። በርበሬውን ወንድሜ ቤት ወስጄዋለሁ ልበላት፣ ወንድሜን ትጠይቀዋለች። ላቀው ምላሱ አያርፍም፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ምን ይራራቃሉ፣ ዛሬ ባትሰማ በሐምሌ ትሰማለች፣ ላትሰማም ትችላለች፣ ዕድሉ ምን ያህል ነው፣ ኧረ ተይ፣ አሁንም ዕድል ትቆጥሪያለሽ፣ ሴትዮዋ ከፊትሽ ቆማለች። ታንጉት ተነሥታለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወገቧን ታጥቃለች፣ ለሥራ፣ አቻምየለሽን ልታግዝ።

ክሩን ከአንገቷ ታወጣለች። በሩ ሲከፈት የድሮ በርበሬ ሽታ ብቻ ወጣ።

ታንጉት ጥጉን አየች፣ ወለሉን። አጥርተሽ ጠርገሽዋል፣ አለች።

ታንጉት።

መቼ ነው።

ከፋሲካ በኋላ።

እኔ ልሽጥ ይሆን ስልሽ።

ያን ጊዜ ግማሹ ተሸጦ ነበር።

ታንጉት ሳቀች፣ አጭር ሳቅ፣ ደረቅ። ትምህርት ደግ ነው እቴ። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር፣ ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ፣ እሷ ግን ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ራሷ ላይ አደረገች፣ ደጃፉ ላይ ዞር ብላ፣ አተሩን ቶሎ ብይው፣ እንዳይነቅዝብሽ፣ አለችና ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ሣጥኑ። የበርበሬው ገንዘብ እዚያ ነው፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለ። አሁን የእርሻ ወር ነው፣ በሬ ተወዷል፣ ልግዛላት ብል ትርፉ ብቻ አይበቃም፣ ዋናውም መነካት አለበት፣ ግማሹን ብሰጣት፣ ግማሽ በሬ አያርስም፣ ሁሉን ከሰጠሁ ክረምቱን በምን እወጣዋለሁ፣ በብድር ቢሆንስ፣ ማን ለማን ነው የሚያበድረው፣ አንቺ ሴት፣ ማን ለማን። ጥቅልሉን እንዳለ አንሥታ ጡቷ ሥር ትወሽቀዋለች፣ በባዶ እግሯ ትወጣለች፣ ጭቃው ይይዛታል፣ የጋሪ ፈረስ ያልፋታል፣ ባለጋሪው፣ እትዬ ምን ሆኑ፣ ይላል፣ ታንጉት፣ ብላ ትጣራለች፣ ታንጉት ከፊት ነች፣ ነጠላዋ ይታያል፣ ትሰማለች፣ መስማትስ ትሰማለች፣ አትዞርም። ትቀበለኝ ይሆን፣ ምናልባት፣ ምናልባትም አትቀበለኝም፣ ባትቀበለኝ ገብረሰንበት እጅ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ወይስ ባትቀበለኝ ይሻለኛል፣ ገንዘቡ ይተርፈኛል፣ ይህን ደግሞ ማን አሰበው፣ እኔ ነኝ ያሰብኩት፣ አሁን፣ እየሮጥኩ። ሮጪ። ዝም ብለሽ ሮጪ።

ገና አልደረሰችባትም። ይህን የምታነቡ፣ እባካችሁ አቻምየለሽን ይቅር በሏት።