ሳፋ ላይ የደረቀችው ኤሊ

ተማሪዎቼ «ክብሪት» ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል እንጂ እሰማለሁ፤ ደግሞ አልዋሽም፣ ልክ ናቸው። አርባ ስምንት የስድስተኛ ክፍል ልጅና አንድ ባልዲ የዱቄት ሙጫ አንድ ክፍል ውስጥ አስገብታ የማትጮህ የሥዕል መምህርት ካለች ትምጣና ታሳየኝ!

ዘንድሮ ለወላጆች ቀን ኤሊ እንሥራ አልኳቸው። ሳፋ ይደፋል፤ በላዩ ወረቀት በወረቀት እየተደረበ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ሳፋው ይወጣና የኤሊ ጀርባ ይሆናል። ጭንቅላትና እግሩ ከካርቶን ይቀጠላል። «ቤት ውስጥ የማይፈለግ ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ኑ» ብዬ አዘዝኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባል የለ፤ መዘዙን ያየሁት በኋላ ነው።

ወረቀት በማምጣት ሚጢጢን የሚያህላት አልተገኘም። ስሙን ያወጡላት ቁመቷን አይተው ነው። አባቷ ጫማ ሰሪ ነው፤ ደንበኛውን ወረቀት ላይ አስቁሞ፣ የእግሩን ዙሪያ በእስክሪብቶ አስምሮ፣ በዚያ ልክ ቆዳ የሚቆርጥ የድሮ ባለሙያ። ሱቁ እግር በተሳለበት ወረቀት የተሞላ ነው። ልጅቷ ከአሮጌዎቹ አንድ ክምር ታቅፋ መጣች። ሥራውን የጀመርን ዕለት አንዱን ወረቀት ብድግ አድርጋ «ቲቸር፣ ይሄስ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሙጫውን አናቱ ላይ የደፋውን አንድ ጉደኛ እያጠብኩ ነበር። ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ «አትጨቅጭቂኝ፣ ለጥፊው!» አልኳት።

በዓሉ ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ኤሊዎቹ ደርቀውና አረንጓዴ ተቀብተው ገና ከሳፋቸው ሳይወጡ፣ ጫማ ሰሪው የሚጢጢን እጅ ይዞ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ሊጣላኝ የመጣ መስሎኝ ምላሴን ስዬ ጠበቅኩት። ሰውዬው ግን በለሆሳስ ነው የተናገረው።

«እርስዎን ለመውቀስ አይደለም የመጣሁት» አለኝ። «አንዲት ወረቀት ነበረች። ሌላውን እንኳን ለጠፉት፣ እሳት ይብላው። እሷ ግን የልጄ እግር ያለባት ናት።»

«የሚጢጢ?»

«የወንድሟ፤ የሟቹ።»

ልጁ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየልደቱ፣ በዚያችው አንድ ወረቀት ላይ፣ እግሩን አስምሮለታል። የአንድ ዓመቱ በሁለት ዓመቱ ውስጥ፣ የሁለቱ በሦስቱ ውስጥ እያለ ሰባት እግር። ስምንተኛው የለም። ሚጢጢ ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ወረቀቷን ብታይም የደንበኛ ነው የሚመስላት። «ፎቶማ አለኝ» አለ አባትየው። «ፎቶ ግን ልኩን አይነግረኝም።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ወረቀቷን ቀደሻት ነበር?» አልኳት ሚጢጢን። ከላይ ያለው ወረቀት በሁለት ጣት ስፋት እየተቀደደ ሙጫ ውስጥ የሚነከር ነው፤ እዚያ ገብታ ከሆነ አለቀላት። ከታች ያሉት ሦስቱ ግን ሳፋው ላይ እንዳይጣበቁ እንዳሉ፣ ሳይቀደዱ፣ በውኃ ብቻ ርሰው ነው የሚነጠፉት። ልጅቷ ትንሰቀሰቃለች እንጂ አታስታውስም።

እነ ሚጢጢ ለአራት የሠሩትን ኤሊ ልቀድ መቁረጫ አነሳሁ። ጫማ ሰሪው እጄን ያዝ አደረገኝ። «ይተዉ፣ አይቁረጡት። አራት ልጆች የደከሙበት ነው።»

እኔ ሰው ሲቆጣኝ ነው መልስ የማውቀው። ሲያዝንልኝ ግን መቁረጫውን አስቀመጥኩ።

ከኪሱ ለሥራው የሚይዘውን ቀጭን ጠፍጣፋ ብረት አወጣና በሳፋውና በወረቀቱ መሀል ሰደደው። በዙሪያው አንድ ጣት፣ አንድ ጣት እያለ ሄደ። «ቀስ፣ ጋሼ፣ ቀስ» እላለሁ አጠገቡ ቆሜ፤ በዕድሜዬ ማንንም ቀስ በል ብዬ አላውቅም። ጠቅ አለ። ኤሊዋ ሳትሰነጠቅ ለቀቀች።

ገለበጥናት። ውስጧ ጋዜጣ ነው። ሰውዬው ጋዜጣውን በጥፍሩ ጫፍ ያዝ አድርጎ ሳብ ሲያደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ከሥሩ ቡናማ ወረቀት ወጣ። ተጨማድዳለች፣ ግን ድፍን ናት። ቀለሙ አልፈሰሰም። ሰባቱም እግር አለ፤ ትንሿ የአውራ ጣት ኩርባ እንኳ አልጠፋችም።

«እሰይ! እሰይ! እሰይ!» ብዬ ክፍሉን አናወጥኩት። ርዕሰ መምህሩ እየሮጠ መጥቶ «ደግሞ ምን ተቃጠለ?» አለ። «ምንም! ይሂዱልን!» አልኩት። ጫማ ሰሪው ትንሿ የልጆች ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ፣ ወረቀቷን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «እፎይ፣ ተመስገን፣ እፎይ» ይላል። ደግሞ ይስቃል። እኔም እንባዬን በሙጫ እጄ እየጠረግኩ አብሬው ሳቅኩ።

ሚጢጢ ብቻ አልሳቀችም። ወረቀቷን ስታይ ቆየችና «የኔስ?» አለች።

«ያንቺ ምን?»

«የኔ እግር የታለ?»

«ያንቺንማ በዓይኔ ነው የምለካው፤ ጫማ መቼ ጠቦሽ ያውቃል?» አለ ሊቀልድ እየሞከረ። እሷ ዓይን ዓይኑን አየችው። ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ። «ፈርቼ ነው፣ ልጄ» አላት። «ማስመር ከጀመርኩ ዓመትሽን መቁጠር እጀምራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።»

እኔ ለፍላፊዋ ከመሳቢያዬ ትልቅ ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ሰጠሁት። ተንበረከከ። ሚጢጢ ጫማዋን አውልቃ ቆመች። እስክሪብቶው ሲነካት እየኮረኮራት ሳቋ አመለጣት፤ መስመሩም ተጣመመ። «አትንቀሳቀሺ ብያለሁ!» ብሎ የምሩን ተቆጣ። እሷ ይብስ ሳቀች።

በስንት መከራ አስምሮ ጨረሰ። ከሥሩ «አሥራ ሁለት ዓመት» ብሎ ጻፈና ሰጣት።

«እንዳትጠፋ አድርገሽ አስቀምጫት። የዛሬ ዓመት እዚችው ላይ እንደግማለን።»

«ባልጨምርስ?» አለች ሚጢጢ።

«ትጨምሪያለሽ» አላት።